አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኳቸው ሰውዬ

ከሐይቅ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ደፋሩ ማነው ብትሉ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሲናገረው አልሰማችሁም ይሆናል፤ እኔ ቀድሜ ስለምናገረው ነው፣ ለሰው ፋታ አልሰጠሁም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ግን አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኳት እሷን በተመለከተ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለውጥ መጣ የተባለ ጊዜ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተደራጁ ሲሉት ከስብሰባ ስብሰባ ሲንከራተት፣ እኔ ከአጎቴ ጋር ተጋግዘን ባጃጅ አወጣን። ከመናኸሪያው እስከ ገዳሙ መታጠፊያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ካያችሁ፣ ያን ቀን እኔ ታምሜያለሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ይሄ ደፋር ሰው በጠራራ ፀሐይ አንድ ሽማግሌ ፈርቶ ሚስቱን እንዴት እንዳጣ ነው የምነግራችሁ። ሚስቴ ገና አልሆነችም። ልትሆን ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

አባቷ እህል ነጋዴ ናቸው። ትውልዳቸው አምባሰል፣ ከውጫሌ ወደ ላይ ነው፤ ሐይቅ የገቡት ግን እኔ ሳልወለድ ነው። እሷ አስረኛ ክፍል ጨርሳ ሱቃቸው ውስጥ ትሸጣለች። እሷን ለማየት ስል ዓመት ሙሉ ሽምብራ ስገዛ ከረምኩ። እናቴ ጆንያውን እያየች «ምነው ልጄ፣ በቅሎ ልትቀልብ አስበሃል?» ትለኝ ነበር። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ፣ ሚዛኑ ላይ እንዳጎነበሰች፣

«ሽምብራው ይበቃል። ሽማግሌ ላክ» አለችኝ።

እኔ ለመልስ የማልቸገረው ሰውዬ፣ «እሺ» ብቻ ብዬ ሽምብራውን እዚያው ረስቼው ወጣሁ።

ሽማግሌ ተመረጠ። አንዱ የሰፈራችን ሸህ፣ ሌላው ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። እኛም እነሱም እስላም ነን፤ ግን እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ ሸህና መሪጌታ ጎን ለጎን ካልሄዱ፣ ነገሩ ግማሹ የተላጨ ፂም ይመስላል። ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ።

የተፈናቀለው ሰው ከወልድያ በኩል መንገዱን ሞልቶ ሲወርድ፣ አባቷ ሽቅብ ሄዱ። እናታቸው አምባሰል ላይ «ከቤቴ ንቅንቅ አልልም» ብለዋል፤ ተሸክሜም ቢሆን አወርዳቸዋለሁ ብለው ነው። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ታጣቂዎቹ ከተማችን ገቡ። መብራት የለ፣ ኔትዎርክ የለ፣ ቤንዚን የለ። ባጃጄን ጓሮ አስገብቼ ጭድ አለበስኳት። በዚህ መሀል አንድ ከላይ የወረደ ሰው «እህል ነጋዴው ከባድ መሣሪያ ሲወድቅ እዚያው ነበሩ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት» አለ። በዓይኔ ካለ በኋላ ማን ይጠይቀዋል?

ሬሳ ሳይኖር ለቅሶ ተቀመጥን። ድንኳን መትከል ስለሚያስፈራ ግቢው ውስጥ ሰሌን አነጠፍን። ውሃ የቀዳሁ እኔ፣ አግዳሚ ያመላለስኩ እኔ፣ ሰደቃው ላይ ዱዓ ሲደረግ ከዘመዱ ሁሉ በላይ ጮክ ብዬ አሚን ያልኩ እኔ። በኔ በኩል ሰውዬውን በሚገባ ቀብሬያቸዋለሁ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ጥግ ይዛ «ሬሳውን ሳላይ» ትላለች። ሴቶቹ «ተይ ልጄ፣ የአላህን ውሳኔ ተቀበይ» ሲሏት ደግማ «ሬሳውን ሳላይ» ትላለች።

አሁን ጉድ ወደሠራኝ መጽሐፍ ልምጣ። ደሴ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ከጦርነቱ በፊት ስልኬ ላይ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ጭኖልኝ ነበር። ማንጋ ይሉታል። ኔትዎርክ እያለ ዞር ብዬም አላየሁት። ኔትዎርክ ሲጠፋ ግን ስልክ ምን ያደርጋል? በጎረቤት ሶላር ቻርጅ እያደረግኩ ማየት ጀመርኩ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፣ አልነካሁትም፤ ሥዕሉ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ግራ ገባኝ። ሰውየው ይወድቅና ከዚያ በኋላ ይሰናከላል። ሁለት ቀን ከተጨነቅኩ በኋላ ነው ከቀኝ ወደ ግራ የሚታይ መሆኑን የደረስኩበት። ቁርአን ቤት ሁለት ዓመት አለንጋ የበላሁት ለካ በከንቱ አይደለም! ማንም ሳይነግረኝ፣ በራሴ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት በባቡር ሥራ ይሄዳል። ከሚሳፈሩት ውስጥ አንዳንዶቹ የሞቱ ናቸው። ሲታዩ ተራ ሰው ናቸው፤ ቦርሳ ይይዛሉ፣ ያዛጋሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። የሚለዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ እግራቸው መሬት አይነካም። ከሱ በቀር የሚያያቸው የለም። ማየቱን ያወቁ ቀን ግን ጉዱ ፈላ፤ ይጠመጠሙበታል፣ ቤቱ ድረስ ይከተሉታል፣ ስለነሱ ያወራለት ሰው ቤት ሳይቀር ይገባሉ። ስለዚህ አፍንጫው ድረስ መጥተው ቢቆሙም ልጁ እንዳላየ ይሆናል። ላቡ እየተንጠፈጠፈ በመስኮት ውጭ ያያል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል፣ ያፏጫል።

ይህን ሥራ ፈትተው ለተቀመጡት ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ተረክኩላቸው። አንዱ፣ ምላሰኛው፣

«አንተ ብትሆን ግን ባቡሩን ጥለህ ትጠፋለህ» አለኝ።

«እኔ? እነሱ ናቸው እኔን አይተው እንዳላዩ የሚያልፉት!» አልኩት።

ሳቁ። ወላሂ ያን ቀን እውነቴን ነበር።

ታጣቂዎቹ ወጡ። መብራቱም ኔትዎርኩም ገና አልተመለሰም፤ ሰው ግን ከየተደበቀበት ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። እኔም ትንሽ ቤንዚን አግኝቼ ባጃጄን ከጭድ ውስጥ አወጣኋት፤ ሐይቁ ዳር ወርጄ ከዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ጫንኩ። ግማሹ ለገበያ ነው፣ ግማሹ ለለቅሶ ቤቱ። ስመለስ መሀል መንገድ ላይ ቤንዚኗ አለቀች። ቀትር ነው። ሰው የለም፣ ወፍ የለም። በቀትር ሐይቅ ዳር ብቻችሁን አትሂዱ፣ ጂን የሚወጣው ያኔ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ።

ባሕር ዛፎቹ ጋ ስደርስ አንድ ሰው ቆሟል።

አባቷ ናቸው።

ኮታቸው የሳቸው አይደለም፣ ትከሻው ይሰፋቸዋል። ፂማቸው ነጭ ሆኗል። በዱላ ተደግፈዋል። ዓይኔ ወደ ታች ወረደ፤ አንዱ እግራቸው ኮንጎ ጫማ አድርጎ መሬት ላይ ነው። ሌላው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል።

ልክ እንደ ባቡሩ ሙታን።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ።

እናንተ ሰላምታውን ስሰማ ሰው መሆናቸውን ማወቅ ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። ኧረ በአላህ፣ ጂንም እኮ እስላም አለው! ልጅ ሆነን ሸሁ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ባጃጇን ገፋሁ። ማፏጨት ብሞክር ከንፈሬ ደርቆ ነፋስ ብቻ ወጣ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ልጄ። እንኳን አላህ አገናኘን። ሰፈሩ ደህና ነው?»

የሸሚዜን ቁልፍ ነካካሁ። ሸሚዝ አልነበረም፣ ካናቴራ ነው የለበስኩት፤ ብቻ ደረቴን ነካካሁ።

«ውሃ ይኖርሃል?»

ውሃ ነበረኝ። ጀሪካኑ ከኋላ ወንበር ሥር ቁጭ ብሏል፣ ያዩታል። በጎናቸው አለፍኩ። እሳቸው ዝም ብለው የባጃጇን የኋላ ብረት ያዙና ከኔ ጋር ማንከስ ጀመሩ። ባጃጇ ከበደችኝ። ሰውዬው እየተደገፏት ነው የከበደችኝ፤ ያን ጊዜ ግን የሙት ክብደት ነው ብዬ ከጂን የሚጠብቀውን አያተልኩርሲይን መሀሉ ላይ እየረሳሁ ስጀምር ስጀምር፣ ብቻ እንዲህ እያልን ምን ያህል እንደሄድን አላህ ያውቃል። ከኋላዬ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አንድ ጊዜ «ምን በደልኩህ?» ያሉ መሰለኝ።

ከዚያ ቁልቁለቷ ደረሰች። ዘልዬ የነጂው ወንበር ላይ ወጣሁና ለቀቅኳት።

በመስታወቷ አየሁ። እጃቸው ከብረቱ ሲለቅ ወደ ፊት ተደፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነስተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጂን ይወድቃል እንዴ? እዚያው መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነበር። መስታወቷን አጠፍኳት።

ባጃጇን አስፋልቱ ዳር አቁሜ ዓሣውን ተሸክሜ በቀጥታ ለቅሶ ቤቱ ሄድኩ። ለቀረው ጥፋቴ ምክንያት አላጣሁለትም፣ አሁን ለምነግራችሁ ግን እስካሁን አላገኘሁለትም። ልጅቷ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ፊትህ ምነው? አመድ መስሏል።»

«ፀሐይ ነው። ከሐይቁ እስከዚህ ብቻዬን ነው የገፋኋት፤ ሌላ ሰው ቢሆን...»

አላስጨረሰችኝም። «ከላይ የወረደ ሰው በዚያ በኩል እየገባ ነው ይላሉ። ከአምባሰል የመጣ ሰው አላየህም?»

ዓይኔን እያየች ነው የጠየቀችኝ። ብነግራት ያ ነገር ቤታቸው ድረስ ተከትሎ ይገባል ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ ብዬ ብናገር ደግሞ ደፋሩ ሰውዬ ምን ሊሆን ነው?

«አላየሁም» አልኳት።

ዓሣውን ተቀብላኝ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ከሐይቁ በኩል እልልታ ተነሳ። ከቤት ቤት እየተቀባበሉት መጥቶ እኛ ግቢ ገባ። እናቴ ነጠላዋን ሳትይዝ ወጣች። አጥማጆቹ ሰውዬውን በአህያ ጭነው እየመጡ ነው፤ ሕይወታቸው አለች። ለካ ከባድ መሣሪያው ካጠገባቸው ሲወድቅ እግራቸውን ነው የመታቸው። አምባሰል ላይ አንድ ገበሬ ቤት ተደብቀው ሲታከሙ ነው የከረሙት። እናታቸውም ደህና ናቸው፣ አሁንም «ንቅንቅ አልልም» እንዳሉ ናቸው። መንገዱ ሲከፈት በአንድ እግር ወረዱ። ቁልቁለቷ ጋ ሲወድቁ ቁስሉ አገርሽቶባቸው፣ መንቀሳቀስ ቢያቅታቸው አጥማጆቹ አግኝተው ጎጇቸው አሳደሯቸው።

ግቢያቸው በሰው ሞላ። አልቅሶ የቀበራቸው ሁሉ አሁን ተሰልፎ ይስማቸዋል። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜያለሁ። አንዱ «እንዴት አለፉት ይሄን ሁሉ?» አላቸው።

«ታጣቂው ሲያስቆመኝም፣ ኬላው ላይም፣ ሁሉም ሰላምታዬን መልሶልኛል» አሉ። «የነፈገኝ የገዛ አገሬ ልጅ ነው። ያ ሽምብራ የሚገዛው ባጃጅ ነጂ። ውሃ ብለምነው እንዳላየ ሆነ። ብደገፍ ጥሎኝ ሄደ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በሕይወቴ ሰው ሁሉ ዞሮ እንዲያየኝ ስመኝ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ብቻ ባያየኝ በወደድኩ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ግን ቃል ገብተዋልና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሄዱ። ሲመለሱ መሪጌታው ገና ከበራችን ሳይገቡ ጀመሩኝ።

«አንተ ጉደኛ! በስተርጅና አሳፈርከን እኮ። ‹አይቶ እንዳላየ ለሚያልፍ ልጅ ሴት ልጅ አልሰጥም› ብለው ሸኙን።»

«የኔታ፣ ጆሮዬን የመድፍ ድምፅ መቶት አልሰማሁም ነበር» አልኩ።

«ዓይንህንስ?» አሉ ሸሁ።

«ፀሐይ...»

«ፀሐይም በመድፍ ተመታች?»

መሸሻ አጣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ባቡሩን፣ እግሩን፣ ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡን ሳይቀር። መሪጌታው ሳቁን ሊውጡ ሞክረው አቃታቸው፤ በጋቢያቸው አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«የጃፓን ሰይጣን ሐይቅ ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል? ዓሣ ሊበላ?»

ሸሁ አልሳቁም። «ይህን ለኛ አይደለም የምትናገረው። ሄደህ ለሳቸው ንገር» አሉኝ። «ውሸት ሳትጨምር። የምትችል ከሆነ።»

ሄድኩ። አባቷ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ሱቁ በር ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ውስጥ ጤፍ ትነፋለች። ወንፊቱ ቆመ፤ እየሰማች ነው።

«ጋሼ፣ የሞቱ መስሎኝ ነው» አልኩ። «ለቅሶዎን ተቀምጬ፣ ሰደቃዎን በልቼ... ቀትር ነው... እግርዎ መሬት አልነካም። ፈርቼ ነው።»

ፈርቼ ነው የምትለዋን ቃል ከአፌ ለማውጣት ባጃጇን ከመግፋት ይከብድ ነበር። እሳቸው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«መቃብር አጠገብ ስታልፍ ምን ትላለህ?»

«አሰላሙ ዓለይኩም እላለሁ።»

«ለማን?»

«ለሙታኑ።»

«ለሙታኑ» አሉ። «ታዲያ እኔን ከነሱም አሳነስከኝ?»

ምን ይመለሳል? አራተኛ ክፍል ሁለቴም አላስተማሩንም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ራሴን መታ መታ አደረጉኝ፣ ለስላሳ አይደለም፣ እንደ ጆንያ አቧራ።

«በኔ በኩል ዓፍው ብዬሃለሁ። ፍርሃት ማንንም ይይዛል፤ እኔም በዚያ ሰሞን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ስንቴ መሬት ተኝቻለሁ። እግሩም ይድናል። የልጅቷን ነገር ከራሷ ጨርስ፣ እኔ አልከለክልህም።»

ወላሂ ልቤ ዘለለ። አለቀ አልኩ! የበደልኩት ሰው ይቅር ካለኝ ማን ቀረ? ሳቅ ሳቅ እያለኝ ወደ ውስጥ ገባሁ።

እሷ ወንፊቱን እንደያዘች ነች። የጤፉ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር አርፏል።

«ሰምተሻል አይደል?» አልኳት። «አባባ ዓፍው ብለውኛል።»

«ሰምቻለሁ። እሱ ስለ ራሱ ነው ይቅር ያለህ።»

«እና?»

«የሙት ጥላው መሰለህ። እሺ፤ ጥላው ነው እንበል። እኔ ሬሳውን ሳላይ እያልኩ ስንት ቀን ተቀመጥኩ? ጥላውም ቢሆን ሮጬ አልሄድም ነበር? ጥላውም ይበቃኝ ነበር እኮ።»

«ተከትሎ ቤት እንዳይገባብሽ...»

«ይግባ! ቤቱ አይደለም?»

ቅንድቧን በክንዷ ጠረገች።

«ጠየቅኩህ» አለች። «ዓይንህን እያየሁ ጠየቅኩህ። አባቴ ከዚህ በእግር የማይርቅ ቦታ ወድቆ፣ አንተ ዓሣ ሰጥተኸኝ አላየሁም አልከኝ። እኔ ያን ማታ ያንን ዓሣ ጠብሼ ለእንግዳ ሳቀርብ ነበር።»

ከዚያ ወንፊቱን ማወዛወዝ ጀመረች። ድምፁ ሂድ ሂድ የሚል መሰለኝና ወጣሁ።

ሽማግሌ እንደገና ላክሁ። ሁለተኛ ጊዜ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ መሪጌታው «ልጄ፣ የገዳሙ ደረጃ እንኳ እንዲህ አላመላለሰኝም» አሉኝ። አባቷ «እኔ ፈቅጃለሁ» ይላሉ። እናቷ «እኔም» ይላሉ። እሷ እምቢ። ኔትዎርክ የተመለሰ ቀን መጀመሪያ የደወልኩት የአክስቴ ልጅ ጋ ነው፤ ልሰድበው።

«ያ መጽሐፍ መጨረሻው ምንድነው? ልጁ ምን ሆነ?»

«የቱ?» አለኝ። «እሱ? እኔም አልጨረስኩትም።»

ስልኩን ልወረውረው ነበር። ለመግዛት ስንት ስለለፋሁበት ተውኩት።

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተኩስ ሲወርድ ቆሜያለሁ። ታጣቂ ባጃጅህን የት ደበቅክ ሲለኝ ፊት ለፊቱ ዋሽቻለሁ፤ ምስክር አለኝ። ይህን ሁሉ የሚያስታውስልኝ ግን የለም። ባጃጅ ተራ ስቆም እንኳ ያ ምላሰኛ አንድ እግሩን አንስቶ በዱላ እየተደገፈ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ውሃ ይኖርሃል?» ይለኛል፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቀልድ ሲሆን ማወቅ እችላለሁ፣ ቀልደኛ ነኛ።

አሁን በገበያ ቀን እህሏን ጭና የምትሄደው በባጃጅ ነው። አንዳንድ ቀን ሌላ ይጠፋና የኔ ላይ ትወጣለች። ከኋላ ጆንያዋን አቅፋ ትቀመጣለች። እኔ ዞር ብዬ፣ ረጋ አድርጌ፣ ከነሙሉው፣

«አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ» እላታለሁ።

ሰላምታ መመለስ በሃይማኖታችን ግዴታ ነው፤ ልትከለክለኝ አትችልም። መንገድ መንገዱን እያየች፣

«ወዓለይኩሙ ሰላም» ትላለች።

ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ገበያው ጋ ስትወርድ ጆንያውን ላግዝሽ ስላት ራሷ አንስታ ትሄዳለች። እኔ ግን አልተበሳጨሁም አልልም፣ ተበሳጭቻለሁ፤ ብቻ በሳምንት አንድ ቀን ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ተጣልቼም ቢሆን የኋላ ወንበሬን ባዶ አድርጌ ሱቃቸው አጠገብ እቆማለሁ።